ቤቱንና ፊቱን ያወቀ ብርሃን፦ ጀማሪው ፎቶ አንሺ ፍላሽ ሲመርጥ

በወለጋ ምድር የጥር ወር ሲገባ፥ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፥ ከነጆ እስከ ደምቢ ዶሎ፥ ከሻምቡም እስከ አርጆ ድረስ የሠርጉ ዘፈን ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፥ በሚዜዎቹና በእልልታው መካከል አንድ ወጣት ካሜራ በአንገቱ አንጠልጥሎ ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው። ይህ ወጣት ብዙውን ጊዜ ካሜራውን ከገዛ ገና ዓመት ያልሞላው፥ ሙያውን ከፎቶ ቤት ባለቤት አጠገብ ቆሞ በማየት የተማረ፥ ገንዘቡንም በዕቁብ ያጠራቀመ ጀማሪ ነው፤ የተሸከመው አደራ ግን ከዕድሜውና ከልምዱ እጅግ የከበደ ነው፤ ድግሱ ተበልቶ፥ ዳሱ ፈርሶ፥ እንግዳውም ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፥ ለልጅ ልጅ ተላልፎ ስለዚያ ቀን የሚመሰክረው እርሱ ያነሣው ሥዕል ነውና።

ቀን በሜዳ ላይ ሲያነሣ ሥራው ይቀናዋል። ፀሓይ አዘንብላ ሙሽሮቹ ወደ ቤት ሲገቡ ግን፥ ከካሜራው አናት ላይ ብድግ የምትለውን ትንሽ ፍላሽ ያበራና፥ የሙሽራዪቱ ግንባርና አፍንጫ ነጥቶ ሲያብረቀርቅ፥ ዐይኗ ሲቀላ፥ ከኋላዋ የተቀመጡት ዘመዶች በጽልመት ሲዋጡ፥ ጥላዋም በግድግዳው ላይ ጠቁሮ ሲለጠፍ ያያል። ያን ጊዜ ከካሜራው ውጭ የሚገጠም ሌላ ፍላሽ እንደሚያስፈልገው ይገነዘባል፤ ወደ ሻጩም ሲሄድ በመጀመሪያ የሚነገረው የዕቃው ስምና የጕልበቱ ቁጥር ነው። ምርጫው ግን ከዚያ ሊጀምር አይገባውም። ፍላሽ የሚመረጠው በቅድሚያ በሚያበራው ቤትና በሚያሳየው ፊት ነው፤ ስሙና ጕልበቱ የሚጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ይህንኑ በሥርዓት ለማስረዳት ነው።

ሰው ለፎቶግራፍ የሚሆን ብርሃን በእጁ ለመፍጠር ብዙ ዘመን ደክሟል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ከመሐንዲሶቹ ጋር የመጡት ፎቶ አንሺዎች ተስፋቸው በፀሓይ ላይ ብቻ ነበረ። በ1887 ጀርመናውያኑ አዶልፍ ሚቴና ዮሐንስ ጌዲከ የማግኒዚየም ዱቄትን ከሌሎች ቅመሞች ጋር ቀላቅለው በቅጽበት የሚነድ ብርሃን አወጡ፤ ብርሃኑ ብርቱ ቢሆንም ጢሱ ቤት የሚሞላ፥ እሳቱም አንሺውን የሚያቃጥል ነበር። በ1929 እዚያው ጀርመን አገር በአምፖል ውስጥ የታሸገ፥ አንድ ጊዜ በርቶ የሚጣል ፍላሽ ለገበያ ቀረበ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ ሃሮልድ ኤጀርተን ጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ደጋግሞ የሚበራውን ፍላሽ ለፎቶግራፍ ሥራ አበቃው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ሁሉ የዚያ ዘር ነው፤ ከአራት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች የሚወጣው ኤሌክትሪክ በካፓሲተር ውስጥ እስከ ሦስት መቶ ቮልት ገደማ ከፍ ብሎ ይጠራቀማል፥ ማንሻው ሲጫንም ዜኖን በሚባለው ጋዝ ውስጥ በቅጽበት ይፈስሳል። ስለዚህ የተበላሸ ፍላሽ በማያውቅ ሰው እጅ ሊፈታ አይገባም፤ ድንጋዩ ከወጣም በኋላ ውስጡ የቀረው ኀይል ሰውን ሊጎዳ ይችላልና።

ከካሜራው ጋር አብራ የምትመጣው ትንሽ ፍላሽ የምታሳፍረን በሦስት ምክንያት ነው። መጀመሪያ፥ ኀይሏ አነስተኛ ነው። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ወደ አራተኛው እጅ፥ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛው እጅ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሙሽራዪቱ ከካሜራው በ2 ሜትር፥ አማቶቿ ደግሞ በ6 ሜትር ርቀት ቢገኙ፥ እርሷ ከምትቀበለው ብርሃን ለእነርሱ የሚደርሳቸው ከዘጠኝ አንዱ እጅ ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ብርሃኑ የሚፈልቅበት ገጽ ጠባብ ነው። ብርሃን የሚፈልቅበት ገጽ ሲጠብ ጥላው ይጠነክራል፥ ሲሰፋም ይለሰልሳል፤ የጥር ቀትር ፀሓይ ከቅንድብ በታች ጥቁር ጥላ ስትጥል፥ በሐምሌ ግን የወለጋን ሰማይ የሚሸፍነው ደመና ያችኑ ፀሓይ በስፋቱ አከፋፍሎ ስለሚያወርዳት ፊት ሁሉ እኩል የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛ፥ ብርሃኑ የሚመጣው ከሌንሱ አጠገብ፥ በቀጥታ ከፊት ነው፤ ከፊት የመጣ ብርሃን የጕንጭን ዙሪያና የአፍንጫን ቁመት ደፍጥጦ ያሳያል፥ ከዐይን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተመልሶ ወደ ሌንሱ ስለሚገባም ዐይንን ያቀላል።

ገንዘቡን አውጥቶ ፍላሽ የሚገዛ ሰው የእነዚህን የሦስቱን መድኀኒት መግዛቱ ነው። መድኀኒቱ የሚገኘውም የፍላሹን ራስ ከሰው ፊት ወደ ኮርኒሱ ወይም ወደ ጎን ግድግዳ በማዞር ነው፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ በኮርኒሱ ላይ ሰፍቶ፥ ኮርኒሱም ራሱ እንደ ትልቅ መስኮት ሆኖ፥ በሙሽሮቹም በዘመዶቹም ላይ በተቀራረበ መጠን ይወርዳል። ስለዚህ ጀማሪው ዕቃውን በእጁ ይዞ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር ራሱ ወደ ላይም ወደ ግራና ወደ ቀኝም የሚዞር መሆኑን ነው። ወደ ላይ ብቻ የሚቀና ፍላሽ ካሜራው ለቁም ሥዕል በጎኑ ሲያዝ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይቀራል፤ ጭራሽ የማይዞረው ደግሞ ከትንሿ ፍላሽ ይልቅ የበረታ ይሁን እንጂ ያንኑ ጥፋት በበለጠ ኀይል የሚሠራ ነው።

እዚህ ላይ የወለጋ ቤቶች ነገር ይመጣል፤ የየቤቱ ጣራ ለብርሃን የየራሱ ጠባይ አለውና። በነቀምቴ አዳዲስ ሰፈሮች ያሉት የብሎኬት ቤቶች ነጭ ኮርኒስ ካላቸው፥ ከፍታውም ሦስት ሜትር ያህል ከሆነ፥ ፎቶ አንሺው ከዚያ የበለጠ ምንም አይመኝም። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሮዝ የተቀባ እንደ ሆነ ግን ወደ ጎን የተላከው ብርሃን የግድግዳውን ቀለም ይዞ ስለሚመለስ፥ ራሱን ወደ ነጩ ኮርኒስ ማዞር ይሻላል። ኮርኒሱ በአቡጀዴ የተወጠረና ዕድሜ ያቀላው እንደ ሆነ ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ ይህ ለፊት ብዙ አይጎዳም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣራ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ በጢስ የጠቆረ የሣር ቤት ጣራ ጠጥቶ ያስቀረዋል፤ የቤተ ክርስቲያንና የስብሰባ አዳራሾች ጣራም ከከፍታው የተነሣ ብርሃኑን ተመልሶ ሳይደርስ ያደክመዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ዳሱ ነው። ዳስ በሰማያዊ ወይም በብርቱካንማ ሸራ ሲጣል፥ ቀን በሸራው ውስጥ ያለፈው የፀሓይ ብርሃንም ሆነ ማታ ወደ ሸራው የተተኰሰው ፍላሽ ቀለሙን ለብሶ በሰው ፊት ላይ ያርፋል፤ የካሜራው የቀለም ማስተካከያም ሰማያዊውን ከፊት ላይ ሲቀንስ ሌላውን ቦታ ያበላሻል። በዚህ ስፍራ መፍትሔው ነጭ ነገርን ይዞ መሄድ ነው፤ ከሁለት ዘንግ ጋር የታሰረ ነጭ አንሶላ፥ ወይም ነጭ ዣንጥላ፥ ወይም ከፍላሹ ራስ ላይ ተስባ የምትወጣው ትንሽ ነጭ ካርድ እንኳ፥ ከባለ ቀለሙ ሸራ ይልቅ ታማኝ ብርሃን ይሰጣል። ዣንጥላውን የሚይዝ ታናሽ ወንድም ያለው ጀማሪ ብዙ ገንዘብ የማይገዛው ረዳት አለው።

አሁን ስለ ጕልበቱ ቁጥር መናገር ይቻላል። ጋይድ ነምበር የሚባለው ይህ ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት በሚለካበት በአፐርቸሩ ቁጥር ሲካፈል፥ አይኤስኦ የሚባለው የካሜራው የብርሃን ስሜት ልክ 100 ሲሆን ብርሃኑ በቂ ሆኖ የሚደርስበትን ርቀት በሜትር ያሳያል። የካሜራዋ ትንሽ ፍላሽ ቁጥሯ 9 ቢሆንና አፐርቸሩ ኤፍ 4 ላይ ቢቆም፥ ብርሃኗ የሚደርሰው ሁለት ሜትር ከሩብ ድረስ ነው፤ ኒኮን ኤስቢ 700 የተባለው ፍላሽ ግን በ35 ሚሊ ሜትር ዙም ቁጥሩ 28 ስለሆነ ሰባት ሜትር ይደርሳል። አይኤስኦው ከ100 ወደ 400 ከፍ ሲል ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። ገዢው ሊጠነቀቅበት የሚገባው፥ አንዳንዱ ኩባንያ ቁጥሩን የሚለካው ብርሃኑ በጠባቡ ተሰብስቦ በሚወጣበት በረዥሙ ዙም መሆኑን ነው፤ ጎዶክስ ቲቲ600 በ200 ሚሊ ሜትር 60 ተብሎ ሲጻፍ፥ ይህን ከ28 ጋር አስተያይቶ ከእጥፍ በላይ ይበረታል ማለት ስሕተት ነው። ሁለት ፍላሾች የሚነጻጸሩት በአንድ ዐይነት ዙምና በአንድ ዐይነት አይኤስኦ ሲለኩ ብቻ ነው። ብርሃኑ ከኮርኒስ ሲመለስ ከኀይሉ ሦስቱ አራተኛ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ሊጠፋ ስለሚችል ግን በቂ ጕልበት ያስፈልጋል፤ በዚህ ምክንያት በጣም ትንሽና በጣም ርካሽ የሆኑት ዕቃዎች ለአዳራሽ አይሆኑም።

ብዙ ጀማሪዎችን ገንዘባቸውን ያሳጣቸው ግን የጕልበት ማነስ ሳይሆን የካሜራውና የፍላሹ አለመግባባት ነው። ፍላሹ የሚገጠምበት፥ ሆት ሹ የሚባለው በካሜራው አናት ላይ ያለ የብረት ማስገቢያ፥ በመካከሉ አንድ ዋና ነጥብ፥ በዙሪያውም እንደየኩባንያው የተለያዩ ትናንሽ ነጥቦች አሉት። ትንሾቹ ነጥቦች የኩባንያው የራሱ ልሳን ናቸውና፥ ለካነን የተሠራው ፍላሽ ከኒኮን ጋር ተገጥሞ ቢበራ እንኳ መጠኑን ራሱ ሊወስን አይችልም። የመካከለኛው ነጥብ ግን ለረዥም ዘመን የሁሉም የጋራ መግባቢያ ነበር። ካነን ይህን ነጥብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ከወጡት ከ2000ዲና ከ4000ዲ፥ በ2019 ከወጣውም ከ250ዲ ላይ አስቀርቶታል፤ እነዚህም ዋጋቸው ዝቅ በማለቱ ጀማሪው የሚገዛቸው ካሜራዎች ናቸው። ስለዚህ ያንን አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ የሚሠራው እንደ ዮንግኑዎ ዋይኤን 560 ያለ ርካሽ ፍላሽ በእነዚህ ካሜራዎች ራስ ላይ ተተክሎ አይበራም። ባለ ካሜራው ከመግዛቱ በፊት ማስገቢያውን በዐይኑ ይመልከት፤ ካሜራውንም ይዞ ወደ ሱቁ ይሂድና ገጥሞ ያብራው። እንዲህ ያለውን ፍላሽ አስቀድሞ የገዛ ሰውም ተስፋ አይቍረጥ፤ ፍላሹ ኤስ 2 የሚባል መሥሪያ ካለው፥ ከካሜራው ተነጥሎ በረዳት እጅ ሆኖ የትንሿን ፍላሽ ብልጭታ አይቶ አብሮ ሊበራ ይችላል፤ እንዲያውም ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ሥዕሉ ያምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የብርሃኑን መጠን ማን ይወስን የሚለው ነው። ቲቲኤል የተባለው ሥርዓት ያለው ፍላሽ አስቀድሞ ጥቂት ብልጭ ብሎ፥ በሌንሱ ውስጥ ተመልሶ የገባውን ብርሃን መዝኖ ዋናውን መጠን ራሱ ይቈርጣል፤ ማኑዋል የሆነው ግን ሙሉ፥ እኩሌታ፥ ሩብ እያለ በአንሺው እጅ የሚስተካከል ነው። ሠርግ እንደ ጅረት የሚፈስስ፥ ሰውም ቆሞ የማይጠብቅበት ነገር ስለሆነ ቲቲኤል ይረዳል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፥ ፍርዱም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። የካሜራው ሚዛን ያየውን ሁሉ ከነጭና ከጥቁር መካከለኛ አድርጎ የሚገምት ነውና፥ ሙሽራዪቱ በነጭ ልብስ ሥዕሉን ስትሞላው ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፥ ፊቷም ይጨልማል፤ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ቀን ጥቁር ካባ የለበሱ ተመራቂዎች በተሰለፉ ጊዜ ደግሞ ብርሃኑ አነሰ ብሎ ይጨምራል፥ ፊታቸውም ይነጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለነጩ ልብስ አንድ ደረጃ ይጨምራል፥ ለጥቁሩ ካባ አንድ ደረጃ ይቀንሳል፥ ከዚያም የመጀመሪያውን ሥዕል ከፍቶ የሚመለከተው ልብሱን ሳይሆን ፊቱን ነው።

የፊት ነገር ከተነሣ ዘንድ በግልጽ ሊነገር የሚገባው አለ። በፊልም ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበት፥ ሸርሊ ካርድ የተባለው የኮዳክ ኩባንያ መመዘኛ ነጭ ቆዳ ያላት ሴት ሥዕል ነበር፤ ከዚህ የተነሣ የጥቁር ሰው ፊት ለብዙ ዓመታት በሚገባው ልክ ሳይታይ ኖሯል። የዛሬው ዲጂታል ካሜራ ከዚያ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በቀጥታ ፍላሽ ሲመታ ወዙ ላይ ብቻ ብልጭ ብሎ የቀረው ይጨልማል፥ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ከጎን ሲያገኘው ግን የጕንጩ ዙሪያ፥ የቆዳው ኅብርና የዐይኑ ጸዳል አብረው ይገለጣሉ። የፍላሹ ራስ መዞር ከጕልበቱ ይቀድማል የምለው ስለዚህ ነው፤ የሕዝባችን ፊት ውበቱ የሚታየው ከሰፊ ብርሃን ነውና።

ፍላሽ የገዛ ሰው የቤቱን የራሱን ብርሃን ፈጽሞ ሊያጠፋም አይገባውም። የካሜራውን መጋረጃ ፍጥነት ወደ 1/60 ሰከንድ፥ አይኤስኦውን ወደ 800 ቢያደርግ የአምፖሉና የሻማው ብርሃን በሥዕሉ ውስጥ ይቀራል፥ ፍላሹም ጕድለቱን ብቻ ይሞላል። በላይ በኩል ግን ወሰን አለው፤ በብዙ የጀማሪ ካሜራዎች ፍጥነቱ ከ1/200 ሲያልፍ የካሜራው መጋረጃ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ፍላሹ ስለሚበራ የሥዕሉ አንድ ወገን ጠቁሮ ይቀራል። ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለው ይህን ወሰን የሚያሻግር ሥርዓት ዋጋ ይጨምራልና፥ በቤትና በዳስ ውስጥ ለሚሠራ ጀማሪ ሊቈይ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ድንጋዩ ይመጣል። ተራው የሚጣል ድንጋይ በሠርግ መካከል ይደክማል፥ ፍላሹም እንደገና ለመሙላት ብዙ ሰከንድ ይወስድበታል፤ ያን ጊዜ ቀለበቱ በጣት ላይ ሲገባ ብርሃን የለም። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው፥ እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራው ድንጋይ ቮልቱ 1.2 ብቻ ቢሆንም ኀይሉን ፈጥኖ ስለሚሰጥ ለፍላሽ ከሁሉ ይሻላል። እንደ ጎዶክስ ቪ860 ያሉት በራሳቸው ሊቲየም ባትሪ የሚሠሩት ደግሞ፥ አምራቹ እንደሚለው፥ በአንድ ሙሌት እስከ 650 ጊዜ ያህል በሙሉ ኀይል ይበራሉ፤ ነገር ግን ባትሪው ሲያረጅ በጊምቢ ወይም በመንዲ ሱቅ ምትኩን ማግኘት ያስቸግራል፥ ትናንሾቹን ድንጋዮች ግን በየስፍራው ማግኘት ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ የድንጋይ ስብስብ አስቀድሞ ሞልቶ መያዝ ከአንድ ውድ ፍላሽ የሚበልጥ ጥበብ ነው። ክረምት ሲገባና ሠርግ ሲቀዘቅዝ ድንጋዩን ከፍላሹ ውስጥ ማውጣት፥ ዕቃውንም ከእርጥበት መጠበቅ ይገባል።

ዋጋውስ? ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ስለከበደ፥ ብዙዎች ያገለገለ ፍላሽ ይፈልጋሉ። ይህ ነውር የሌለበት መንገድ ነው፤ ሆኖም በፊልም ዘመን ከተሠሩት አሮጌ ፍላሾች አንዳንዶቹ በመካከለኛው ነጥብ ላይ ከሁለት መቶ ቮልት በላይ ወደ ካሜራው ይልካሉና፥ ዲጂታሉን ካሜራ ያቃጥላሉ። ከፎቶ ቤት መደርደሪያ ላይ የተገኘ የአባት ዘመን ፍላሽ በኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሳይለካ ከካሜራ ጋር አይገናኝ።

ፍላሽ መግዛት ሁልጊዜ ማብራት ማለት እንዳይደለም መታወቅ አለበት። በቅዳሴ ወይም በተክሊል ሥርዓት ጊዜ ካህኑን ሳያስፈቅዱ ማብራት የምእመናንን ጸሎት ማወክ ነው፤ በመካነ ኢየሱስ ጉባኤም ቢሆን ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ መጠየቅ የተገባ ነው፤ በሙዚየምና በአሮጌ ሥዕላት ፊት ደግሞ የቤቱን ሕግ መጠበቅ ያሻል። በእንዲህ ያለው ስፍራ አፐርቸሩ ኤፍ 1.8 የሆነ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና ከፍ ያለ አይኤስኦ የፍላሹን ሥራ በጸጥታ ይሠራሉ።

እንግዲህ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ጀማሪ የምርጫውን ተራ እንዲህ ይያዝ፤ በመጀመሪያ ከካሜራው ማስገቢያ ጋር መስማማቱን፥ ቀጥሎ ራሱ በሁለቱም አቅጣጫ መዞሩን፥ ከዚያም መጠኑ በእጅ መስተካከሉን ይመርምር፤ የተረፈውንም ገንዘብ በሚሞሉ ድንጋዮችና በነጭ ዣንጥላ ላይ ያውለው፤ ቲቲኤልም ትልቅ ቁጥርም ሥራው ራሱ ገንዘብ ሲያመጣ ይደርሳሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሠርግ የተቀበለ ፎቶ አንሺ ከቀኑ በፊት ወደ ድግሱ ቤት ይሂድ፥ የቤቱን እመቤት አስፈቅዶ ይግባ፥ ኮርኒሱን፥ የግድግዳውን ቀለምና ዳሱ የሚጣልበትን ሸራ ይመልከት፥ ሙሽሮቹ የሚቀመጡበትንም ወንበር ይጠይቅ። ይህ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ፥ የትኛው ፍላሽ እንደሚበቃውና የትኛው ገንዘቡን በከንቱ እንደሚበላበት ከማንኛውም ሻጭ ይልቅ አጥርቶ ይነግረዋል።